ያውቁ ኖሯል? ደመና፣ ውርጭና በረዶ፦ ከጃናሞራ እስከ ሰሜን ዋልታ

በጥቅምትና በኅዳር ምሽት በስሜን ተራሮች የጃናሞራ ገበሬ ሰማዩን አይቶ ነው የሚተኛው። ከደመነ ገብሱ ያድርለታል፤ ከጠራ ውርጭ ይሰጋል። ደመና ሲኖርና ሳይኖር ምድር ምን ያህል ሙቀት ታጣለች የሚለው ይኸው ጥያቄ ዛሬ የዋልታ ተመራማሪዎችን ያስጨንቃል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

• መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ እንደምትለቅ ያውቁ ኖሯል? ደመና ካለ ጨረሩን ይውጥና ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ለምድር እንደ ጋቢ ይሆናታል። ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ወጥቶ ይቀራል። ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ ደጋው ላይ ውርጭ የሚበረታው ለዚህ ነው።

• የስሜኗ ደባርቅ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር አናት ላይ ትውላለች፤ አንዴ በሚያዝያ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ። ሚያዝያ ሞቃት ነው፤ ነሐሴ ግን ብርድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የክረምቱ ደመና ነው፤ የፀሐይዋን ብርሃን ገና ከላይ ወደ ጠፈር ይመልሰዋል። አንዱ ደመና ቀን ያቀዘቅዛል፣ ሌሊት ያሞቃል ማለት ነው።

• በዋልታዎች ግን ሌሊቱ ወራት ይፈጃል። እዚያ በክረምት ደመና የሚመልሰው ብርሃን የለም፤ ሥራው ሙቀት መያዝ ብቻ ነው። የአርክቲክ ደመና የዓመቱ ድምር ሲታይ ከሥሩ ያለውን ያሞቃል፤ የሚያቀዘቅዘው በበጋ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

• አዲስ አመዳይ የለበሰ የባሕር በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በረዶው ሲቀልጥ የሚገለጠው ጠቆር ያለ ውኃ ግን ከ90 በመቶ በላዩን ይውጣል። ስለዚህ ነጭ በረዶ ላይ ያረፈ ደመና ብዙም ጥላ አይሆንም፤ በረዶው ራሱ ብርሃኑን ይመልሰው ነበርና። ያው ደመና በጥቁር ውኃ ላይ ሲያልፍ ግን ጥላው ብዙ ሙቀት ያስቀራል። የደመናን ሥራ ለማወቅ ከሥሩ ያለውንም ማየት ግድ ነው።

• ይህን ለመለካት የካናዳ በረዶ ሰባሪ መርከብ ከ1997 እስከ 1998 በቦፎርት ባሕር በረዶ ውስጥ ሆን ተብሎ ታስሮ አንድ ዓመት ተንሳፍፏል። ከ2019 እስከ 2020 ደግሞ ፖላርሽተርን የተባለው የጀርመን መርከብ ከኖርዌይዋ ትሮምሶ ተነሥቶ ከበረዶው ጋር እየተጓዘ ከርሟል፤ በጥናቱ 20 አገሮች ተሳትፈዋል።

• የደመና ጠብታ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሆኖም ሳይረጋ በፈሳሽነቱ ሊቆይ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? እንዲህ ያለው ደመና በበረዶ ቅንጣት ብቻ ከተሠራው የበለጠ ሙቀት ወደ ታች ይልካል። በሐምሌ 2012 የግሪንላንድ የበረዶ ግግር ገጽ 97 በመቶው የመቅለጥ ምልክት ባሳየበት ጊዜ ስስ ፈሳሽ ደመና አስተዋጽኦ ነበረው፤ ፀሐይን ለማሳለፍ የሳሳ፣ ሙቀትን ለመያዝ ግን የበቃ ነበር።

• በ2007 ደግሞ የአርክቲክን የባሕር በረዶ መቅለጥ ያገዘው የደመና ማነስ ነው። በዚያ በጋ ምዕራብ አርክቲክ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ በረዶውን ያለ ከልካይ አገኘችው፤ ስፋቱም እስከዚያ ድረስ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ።

• ያ ዝቅታ ብዙ አልቆየም። በመስከረም 2012 የአርክቲክ የባሕር በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ይህ የኢትዮጵያን ስፋት ሦስት ጊዜ ያህላል። በክረምቱ መጨረሻ በረዶው የሚሸፍነው 15 ሚሊዮን አካባቢ ነው።

• በረዶው የተገፈፈለት ባሕር በመጸው ወራት እንፋሎቱን ለአየሩ ይሰጣል፤ ዝቅ ያለ ደመናም ይበዛል። ፀሐይዋ በምትርቅበት በዚያ ወቅት ደመናው ሙቀት ይይዝና ውኃው ቶሎ እንዳይረጋ ያዘገየዋል። የሳሳው በረዶ ደግሞ በሚቀጥለው በጋ ቀድሞ ይሰበራል። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው መደጋገፍ ነው።

• አንታርክቲካ ዙሪያ የባሕሩ በረዶ በ2014 ከ20 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። በየካቲት 2023 ግን ከ1.8 ሚሊዮን በታች ወርዶ ተመዘገበ።

• ተንሳፋፊ የባሕር በረዶ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ አይጨምርም ለማለት ይቻላል። ከፍ የሚያደርገው እንደ ግሪንላንድ በየብስ ላይ የተከመረው ግግር ነው።

• የስሜን ተራሮችም በአንድ ወቅት የራሳቸው የበረዶ ግግር ነበራቸው! ባለፈው የበረዶ ዘመን ቧሂትና ራስ ደጀን አካባቢ ግግሩ እየገፋ የከመረው ድንጋይና አፈር ዛሬም ይታያል። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዐ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1982 ባሳተመው ጥናት ያን ጊዜ ተራራው ከዛሬው ወደ 7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ እንደነበር ገምቷል።

• በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጧል። ንጉሡ የስሜንን ሰዎች ድል ማድረጉን ሲናገር፣ ተራራቸው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንዳለው ይገልጻል። ዛሬ ራስ ደጀንን የሚያነጣው ብዙውን ጊዜ ከደመና የሚወርድ ጠጣር በረዶ ነው፤ ፀሐይ ስትመታውም ቶሎ ይጠፋል።

• ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ሙቀቱም ወደ 10 ዲግሪ ይቀንሳል። አየሩ ሲሞቅ አዝርዕትና እንስሳት ወደ ላይ ይሸሻሉ። ጅብራ ግን ከፍ ካለው ውርጫማ ሜዳ ላይ የሚኖር፣ በሕይወቱ አንዴ አብቦ የሚደርቅ የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። ሙቀቱ እንዲህ ከቀጠለ እስከ 2080 ድረስ አብዛኛውን መኖሪያውን ሊያጣ እንደሚችል ተመራማሪዎች አስጠንቅቀዋል። ከጫፉ በላይ መሸሻ የለውም።

• አፍሪካ ውስጥ የበረዶ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ዘገባ እነዚህም እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ ተናግሯል። ስሜን በተፈጥሮ ለውጥ ያጣችውን እነርሱ የሚያጡት የሰው ሥራም ታክሎበት ነው።

• ደመና ለአየር ንብረት ትንበያ ትልቁ አስቸጋሪ ጉዳይ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 የደረሰበት መደምደሚያ የደመና ለውጥ በድምሩ ሙቀቱን የሚያባብስ እንደሚሆን ነው። ደመና ያድነናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

• የሌሊት ሙቀትን ለመለካት መርከብ አያስፈልግም። በመካነ ብርሃን፣ በዳባትና በደባርቅ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይዘው የየሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት፣ ደመናውንና ውርጩን ቢመዘግቡ፣ ከዓመታት በኋላ የተራራቸውን ለውጥ በቁጥር ማሳየት ይችላሉ። ወላጆቻቸው ሰማዩን ማንበብ ያውቃሉ፤ ልጆቹ መዝግበው ቢያቆዩት ያ እውቀት ለትንበያም፣ ለዘር ምርጫም ማስረጃ ይሆናል።