ከብላቴ ወንዝ እስከ በርማ የዘለቁት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች

ከዓለም ጤና ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ሻሸመኔ ላይ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ሐላባ ቁሊቶን፣ ቀጥሎም የብላቴን ወንዝ ያገኛል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ዳር የተዋጉት ወታደሮች አብዛኞቹ እንግሊዛውያን አልነበሩም፤ ከኬንያና ከአጎራባች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የተመለመሉ አፍሪካውያን ነበሩ።

አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን ከፋሺስት ጦር ነፃ ብትወጣም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የሰፈሩት የጣልያን ክፍለ ጦሮች ገና እጃቸውን አልሰጡም። በብርጋዴር ፎክስ የሚመራው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ደቡብ ዘምቶ ግንቦት 6 ቀን ሻሸመኔን ያዘ። ወቅቱ የዝናብ ነበር። ዝናብ የጠገበ መሬት ጋሪን እንኳ እንዴት አንቆ እንደሚይዝ ለአካባቢው ገበሬ መንገር አያሻም፤ የጦር ካሚዮኖችም የገጠማቸው ይኸው ነው።

በብላቴ ማዶ የጣልያን ታንኮች መልሶ ማጥቃት ሲጀምሩ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ክፍለ ጦር ሳጅን ናይጄል ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ በሽጉጥ ማረከው፤ ሌላውን ለመማረክ ሲሞክር ተገደለ። ኅዳር 1938 ዓ.ም. የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጠው። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ ናይሮቢ በሚገኘው የመታሰቢያ ሐውልት ላይ ተጽፏል። ሊኪ ኬንያ ያደገ ነጭ ነበር። ከጎኑ የተሰለፉትን ጥቁር ወታደሮች ስም የሚያውቅ ግን ዛሬ ጥቂት ነው። በጣልያን ወገንም አስካሪ እየተባሉ የሚዋጉ አፍሪካውያን መኖራቸው ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል።

ሶዶ ግንቦት 14 ቀን ተያዘች። እንግሊዝ ግን እነዚህን ወታደሮች ወደየቀያቸው አልመለሰቻቸውም። በ1935 ዓ.ም. ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኒያሳላንድና ከሰሜን ሮዴዥያ በተመለመሉ ሰዎች 11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር ተቋቋመ፤ አዛዡም ጄኔራል የሆነው ያው ፎክስ ነበር። ክፍለ ጦሩ ጃፓንን ለመውጋት ወደ በርማ ተላከ። በ1936 ዓ.ም. ክረምት የካባውን ሸለቆ ያለፈው እንደገና በጭቃ ውስጥ እየተጓዘ ነው። ኅዳር 1937 ዓ.ም. ካሌዋን ይዞ ወደ ቺንድዊን ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ከዚያም ወንዙን ተሻገረ።