የኮርቻው ምሰሶ ልክ

ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎሜትር ያህል ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በብስክሌት ወደ ጎባ ሲወጡ ጉልበት ያልቃል። ወደ ሮቤ ሲመለሱ ደግሞ ብስክሌቱ ይፈጥናል። ቁልቁል ሲወርዱ ኮርቻው ከሥሩ ቢሰበር መውደቂያው አስፋልት ነው። ከኋላ ስንዴ ወይም ገብስ ከተጫነ ጉዳቱ ይብሳል።

ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ብስክሌቱ ቱቦ የሚገባ ብረት አለ። እኛ የኮርቻ ምሰሶ እንበለው። ይህ ምሰሶ ሲያረጅ ይዝጋል፤ ይጎብጣል፤ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሌላ መግዛት ግድ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምሰሶዎች ሁሉ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም።

በብዙ አሮጌ የብረት ብስክሌቶች ላይ የምሰሶው ውፍረት 25.4 ሚሊሜትር ነው። ይህም ልክ አንድ ኢንች ማለት ነው። በብዙ የውድድር ብስክሌቶች ላይ ደግሞ 27.2 ይገኛል። በመካከላቸው 25.6፣ 25.8፣ 26.0 እያለ በ0.2 የሚጨምር ብዙ ልክ አለ። 0.2 ምን ያህል ናት? አንድ ሚሊሜትር ለአምስት ሲካፈል አንዷ ድርሻ ናት። ዓይን አያያትም፤ ብረት ግን ያውቃታል።

ምሰሶው ከቀጠነ ብሎኑን የቱንም ያህል ብናጠብቅ ኮርቻው ቀስ እያለ ይሰምጣል። ይባስ ብለን ስናጠብቅ ማሰሪያው ይጣመማል፤ ብሎኑም ይበጠሳል። ከወፈረ ደግሞ በመዶሻ ለማስገባት ያምረናል። መዶሻ ግን ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ምሰሶ ሌላ ይገዛል፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ግን የተጎዳው ብስክሌቱ ራሱ ነው።

እንግዲህ እንለካ። አሮጌውን ምሰሶ አውጥታችሁ ታችኛውን ክፍል በጨርቅ ጥረጉ። ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጾበት ይገኛል። ስታነቡ ነጥቧን አትዝለሏት፤ 27.2 እና 272 አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ ቀጭን ወረቀት በምሰሶው ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ። የተገናኘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ በተማሪ ማስመሪያ ለኩ። ያገኛችሁትን ለ3.14 አካፍሉ። ወደ 80 ሚሊሜትር ከመጣ ምሰሶው 25.4 አካባቢ ነው። ወደ 85 ተኩል ከሆነ 27.2 አካባቢ ነው። ወረቀት 0.2ን በትክክል አይለይም። ስለዚህ ጠጋኙ ካሊፐር ካለው በእሱ ማስለካት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በብዙ እጅ ያለፈ ብስክሌት ላይ ያለው ምሰሶ የራሱ ላይሆን ይችላል። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ያገኘውን ብረት ከቶበት ይሆናል። ዳኛው ቱቦው ነው። ብስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱና ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። ልኩ የሆነ ምሰሶ በእጅ እያዞሩ ሲገፉት ይገባል። ብሎኑ ሳይጠብቅም ወዲያና ወዲህ አይልም።

ልኩ ጠፍቶ በ0.2 የሚያንስ ከተገኘ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ላይ ቁራጭ ቆርጦ አንድ ዙር መጠምጠም ይቻላል። የቆርቆሮው ውፍረት 0.1 ያህል ስለሆነ በግራም በቀኝም ሲቆጠር 0.2 ይሞላል። ጫፉ እጅ ይቆርጣልና ተጠንቀቁ። በ25.4 ላይ ቆርቆሮ ደራርቦ 27.2 ማድረስ ግን ለእኛ አይዋጥልንም፤ ዘጠኝ ዙር ያስፈልገዋል።

ምሰሶው ላይ የመጨረሻ ከፍታን የሚያሳይ መስመር ካለ ከቱቦው በላይ መታየት የለበትም። መስመር ከሌለው ቢያንስ 7 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ባሌ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት አሉት፤ ውሃም በዚያ አፍ ይገባል። ከማስገባታችሁ በፊት ግራሶ ቀቡት። ልኩንም ከኮርቻው ሥር በቀለም ጻፉት።