ሃውተን፦ መኪና የሚዞራት፣ ብስክሌት የሚያቋርጣት ከተማ

በኔዘርላንድስ ከዩትሬክት ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዘውን ባቡር የያዘ መንገደኛ መቀመጫውን ሳያሞቅ ሃውተን ይደርሳል። ርቀቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወርዶ ከጣቢያው ሲወጣ የከተማዋን መሀል ያገኘዋል። በዚህ መሀል ግን ዋና የመኪና ጎዳና የለም። በቀይ አስፋልት ላይ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ልጆቿን በብስክሌቷ ሣጥን የጫነች እናት ያለ ጥሩምባና ያለ ግርግር ያልፋሉ። መኪኖቹ የት ሄዱ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሃውተን ገና መንደር ሳለች በተወሰነ አንድ ውሳኔ ውስጥ ነው።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃውተን ጥቂት ሺህ ሰዎች የሚኖሩባት የገበሬ መንደር ነበረች። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ ዛፍ ያጠላበት አደባባይ፣ በዙሪያው የግጦሽ መስክና የፍራፍሬ እርሻ፤ ይኸው ነበር ሀብቷ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የኔዘርላንድስ ሕዝብ በፍጥነት ጨመረ፤ የመኖሪያ ቤት እጥረትም በረታ። መንግሥት ትልልቆቹ ከተሞች እንደ ፈሰሰ ውሃ በየሜዳው እንዳይሰራጩ ሠጋና አንዳንድ መንደሮችን መርጦ አዲሱን ነዋሪ እንዲቀበሉ አደረገ። የዩትሬክትን ትርፍ ሕዝብ ለመቀበል ከታጩት አንዷ ሃውተን ሆነች። ለዚሁ ዓላማ ደግሞ ዩትፋስና ፍሬስዌይክ የተባሉት መንደሮች በ1971 ተዋህደው ኒውወኻይን የምትባል አዲስ ከተማ ሆኑ።

ሃውተን እምቢ ማለት ባትችልም እንዴት እንደምታድግ የመምረጥ ዕድል ነበራት። ሮብ ደርክስ የተባለ የከተማ ፕላን ባለሙያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ንድፍ የጀመረው ቤቶችን ከመደርደር አልነበረም። መጀመሪያ የወሰነው በመሀል ማን ያልፋል፣ በዳር ማን ይዞራል የሚለውን ነው። ጊዜው መኪና የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ የነገሠበት ነበርና ውሳኔው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እዚያው አጠገብ ያለችው ዩትሬክት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሮጌዋን ከተማ ከሚከብበው ጥንታዊ የውሃ ቦይ ከፊሉን አድርቃ የፈጣን መኪና መንገድ ሠርታበታለች። ያንን መንገድ አፍርሳ ውሃውን ወደ ቦታው የመለሰችው በ2020 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሃውተን ለማፍረስ የሚያበቃ ነገር ከመጀመሪያውም አልሠራችም።

አሠራሩን ለመረዳት ካርታዋን ከላይ ማየት ይጠቅማል። ከተማዋን አንድ ቀለበት መንገድ ይከብባታል። የመኖሪያ ሰፈሮቹ እያንዳንዳቸው ወደ ቀለበቱ የሚወጣ የመኪና መንገድ አላቸው፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር በቀጥታ የሚያሻግር የመኪና መንገድ ግን የለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የተከራዩ ጎረቤታሞችን ያስቡ፦ ግድግዳ ቢጋሩም አንዱ ሌላውን ለመጠየቅ በራሱ በር ወጥቶ፣ ቤቱን ዞሮ፣ በሌላው በር መግባት አለበት። የሃውተን ባለ መኪናም ጎረቤት ሰፈር ለመድረስ ወደ ቀለበቱ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይገባል። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን በአረንጓዴው መናፈሻ መሀል ቀጥ ብለው ይሻገራሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ ሰው ብስክሌት የሚመርጠው ስለ ጤናና ስለ አየር ብክለት ስብከት ስለሰማ አይደለም። ቶሎ የሚያደርሰው ብስክሌቱ ስለሆነ ነው።

ዝርዝሩም የተጠና ነው። ዋናዎቹ የብስክሌት መንገዶች ከዳር ወደ መሀል፣ ወደ ባቡር ጣቢያውና ወደ ገበያው ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት በእነዚሁ መንገዶች ዳርቻ ስለሆነ ልጆች በራሳቸው ብስክሌት ይሄዳሉ። ብስክሌተኛው ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ሲዘልቅ ከቀለበቱ ሥር በተሠሩ መሿለኪያዎች ያልፋል፤ መኪኖቹ ከራሱ በላይ ይሮጣሉ። መኪናና ብስክሌት አንድ መንገድ የሚጋሩባቸው ቦታዎችም አሉ። እዚያ አስፋልቱ ቀይ ነው፤ መኪና እንግዳ መሆኑን የሚናገር ምልክት ተተክሎበታል፤ አሽከርካሪውም ከብስክሌቱ ኋላ በዝግታ ይከተላል።

በ1990ዎቹ ከተማዋ እንደገና እንድትስፋፋ ሲወሰን ያው ንድፍ ተደገመ። ከደቡብ በኩል ሁለተኛ ቀለበት ተጨመረና ካርታዋ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ያዘ፤ አዲሱ ክፍልም ካስቴሉም የተባለ የራሱን ባቡር ጣቢያ አገኘ። በዋናው ጣቢያ ከሐዲዱ ሥር 3,000 ገደማ ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ተሳፋሪው ብስክሌቱን አቁሞ በደረጃ ወደ ባቡሩ ይወጣል፤ ዝናብም አያገኘውም። ዛሬ ነዋሪዎቿ 50,000 ገደማ ናቸው። የኔዘርላንድስ የብስክሌተኞች ማኅበር በ2008ም በ2018ም የዓመቱ የብስክሌት ከተማ ብሎ መርጧታል።

ጎብኚ ሊያልፈው የማይገባው ሌላው ቦታ አሮጌው መንደር ነው። አዲሱ የገበያ ማዕከል ሄት ሮንት ከጣቢያው አጠገብ ስለተሠራ፣ ሱቅ ለመክፈት ብሎ የጥንቱን አደባባይ ያፈረሰ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዛፎቹና ዝቅ ያሉት ቤቶች በቦታቸው አሉ። መንደሩ የዳነው አጥር ስለታጠረለት ወይም ሙዚየም ስለተደረገ አይደለም፤ የመኪናው ጎርፍ በሌላ በኩል እንዲፈስ ስለተደረገ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሃውተን ገነት አይደለችም። ብዙው ነዋሪ የሚሠራው ዩትሬክትና ሌሎች ከተሞች ነው፤ በየደጁም መኪና ቆሟል። ሰዎቹ መኪናን አልጠሉም፤ ከከተማ ውጭ ለሚሄዱበት ጉዳይ አቆዩት እንጂ። ቀለበቱ ዳር የሚኖረው ሰው ድምፁን ይሰማል፤ ከባድ ዕቃ የጫነም ዙሪያውን መጓዝ ግዴታው ነው። ከሁሉም በላይ፣ ይህ ንድፍ የተሣለው በባዶ መስክ ላይ ነው። ለዘመናት ተደራርባ ያደገች ከተማ ነገ ተነሥታ ራሷን በቀለበት ልትከፋፍል አትችልም።

ሁኔታው በሁሉም ነገር ባይመሳሰልም፣ መንደሩ ሊሰፋ ነው የተባለ የማዘጋጃ ቤት ሹም ከሃውተን የሚወስደው አንድ ነገር አለ፦ ቅደም ተከተሉን። በሌላው ዘንድ ቤቱ ይሠራል፣ መንገዱ ይከተላል፣ እግረኛው የሚታሰበው አደጋ ከበዛ በኋላ ነው። ሃውተን ግን የመጀመሪያው አዲስ ቤት መሠረት ሳይጣል ልጅ ትምህርት ቤት በምን መንገድ እንደሚሄድ ወሰነች። ቤት ፈርሶ ይሠራል፤ መንገድ ግን አንዴ ከተዘረጋ ሱቁም ቢሮውም በእሱ ላይ ስለሚደገፍ ለመንቀል የዩትሬክትን ያህል ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።