የደብር ዛፍ ለመምህር ምን ያስተምራል?

ከደብረ ታቦር ወጥቶ ወደ ጉና ተራራ ወይም ወደ ፎገራ ሜዳ የሚጓዝ ሰው በአመዛኙ የሚያየው እርሻ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ክብ ደን ብቅ ይላል። እዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለመናገር ጠጋ ብሎ ማየት አያስፈልግም።

እኛም ጥቂት እጩ መምህራን ሆነን፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የገጠር ደብር ሄድን። ሐሳባችን ዛፍ ቆጥረን ለሳይንስ ትምህርት ማስረጃ ማምጣት ነበር። በሩ ላይ ያገኘናቸው አንድ አባት ደብተራችንን አይተው ፈገግ አሉና፣ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ተሳለሙ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዛፉ እንደሆነ የትም አይሄድባችሁም» አሉን።

ተቀመጥን። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከጥዱና ከወይራው ሥር ግን ብርድ ብርድ ይላል። ወፉ፣ ንቡ፣ የደረቀው ቅጠል ኮሽታ ሳይቀር ይሰማል። ታዲያ ዝም ብለን ባንቀመጥ ኖሮ የማናየውን አንድ ነገር ያየነው ያኔ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ የለም ማለት ይቻላል። «አባ፣ ልጆቹ ዛፎች የት አሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም አጥሩ የፈረሰበትን ወገን በመቋሚያቸው አመለከቱና፣ «ከብቱ ይገባል፤ ቡቃያ ምኑን ይተርፋል?» አሉ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው፣ ውጤቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በነዚህ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። በእርሻው መካከል የቀረው አገር በቀል ዛፍ ዋና መጠለያው እንግዲህ ይኸው የደብር ቅጥር ነው። ምእመናኑ ደኑን የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ አድርገው ያዩታል፤ በጥላው ይሰበሰባሉ፣ ሙታናቸውን ይቀብራሉ፣ የቆሎ ተማሪውም በአጠገቡ ጎጆውን ቀልሶ ይማራል። ዛፉን ያቆየው ይህ ክብር ነው።

ሆኖም ክብሩ ብቻውን አይበቃም። በነዚሁ ደኖች አፈር ላይ በተደረገ ጥናት፣ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የተገኘው ዘር አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ነበር። የብዙዎቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር መሬት ውስጥ ለዓመታት አይቆይም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ይበላል። ስለዚህ አሮጌው ዛፍ ሳይተካ ከወደቀ፣ «አፈሩ ራሱ ያበቅለዋል» ብለን መጠበቅ አንችልም። በጥናት ላይ የተመሠረተው አንዱ መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ሲክበው ማሳውም ይጠራል፣ ከብቱም ይታገዳል፣ ቡቃያውም ፋታ ያገኛል።

እንዲህ ያለው ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን የሺንቶ እምነት ተከታዮች መቅደሳቸውን በደን ይከባሉ። ምእመኑ ቶሪ በሚባለው በር ያልፋል፣ እጁንና አፉን በውሃ ይታጠባል፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ፣ እንደገና እጅ ይነሣል። በቶኪዮ የሚገኘው የሜይጂ መቅደስ በ1920 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ በዙሪያው ወደ 100 ሺሕ የሚጠጉ ዛፎች ተተክለው ነበር። ዛፎቹ የመጡት ከመላ አገሪቱ ሕዝብ በስጦታ ነው። ዛሬ 70 ሄክታር ያህል የሚሸፍነው ይህ ደን ራሱን በራሱ የሚተካ ሆኗል። ከመንገዱ የሚጠረገው ቅጠል እንኳ አይጣልም፤ ተመልሶ ለደኑ አፈር ይሰጣል። እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ተክለው ያገኙትን እኛ ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። የኛ ድርሻ የወረስነውን ማስቀጠል ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ የምንመደበው ደብር ባለበት የገጠር ቀበሌ ነው። በዚያ ስንደርስ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቀን ተማሪዎቻችንን ወደ ደኑ ብንወስድ፣ ከወደቀው የዝግባ፣ የኮሶና የወይራ ዘር ለቅመን በትምህርት ቤቱ ግቢ ችግኝ ብናፈላ፣ ካቡ በፈረሰበትም ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ብናቀብል፣ ይህ በጥቁር ሰሌዳ ከምንጽፈው ብዙ ገጽ ይበልጣል።

ስንመለስ አባ፣ «ታዲያ ስንት ቆጠራችሁ?» ብለው ጠየቁን። ትልልቆቹን ነገርናቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ጊዜ ስትመጡ ከትንንሾቹ ጀምሩ» አሉን። እኛም ይህንኑ ለእናንተ አስተላለፍን።