ወይራ፣ ኮሰረትና የወተት ንጽሕና

ወተት ለሰው የሚስማማውን ያህል ለጀርምም ይስማማል። አንዳንድ ጀርሞች ገና እንደታለበ ባልቀዘቀዘ ወተት ውስጥ በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ስለሚራቡ፣ ከአንድ ጀርም በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ሊገኝ ይችላል። በኅብረት ሥራ ማኅበር የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ደግሞ የአንድ ቤት ያልጸዳ ዕቃ የብዙዎችን ወተት ያበላሻል፤ ገዢው ወተቱን ሲመልስ ኪሳራው የአባላቱ ሁሉ ነው።

የአገራችን እናቶች ይህን ጉዳት ለመቀነስ ከጥንት ጀምሮ በግራዋ፣ በወይራ ጭስና በኮሰረት ሲጠቀሙ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ዘዴዎች የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ለይተን እንገልጻለን።

1. ዕቃን ማጠብና ማጠን

የወይራ ጭስ በውስጡ ፌኖል፣ ፎርማልዴሃይድና ልዩ ልዩ አሲዶች ይገኙበታል። እነዚህ በቅሉ ወይም በሸክላው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ የጀርሞችን መራባት ያዘገያሉ፤ ወተቱም ቶሎ አይኮመጥጥም። ሆኖም ጭስ የሚረዳው በታጠበ ዕቃ ላይ ብቻ ነው። አሮጌ ወተት በተጋገረበት ቅል ውስጥ ጭሱ ከእድፉ ሥር ያሉትን ጀርሞች አይደርስባቸውም። ስለዚህ፦

ሀ/ ዕቃውን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃ ማጠብ፤ ውስጡን በግራዋ ቅጠል አሽቶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ።

ለ/ አፉን ወደ ታች ደፍቶ በፀሐይ ማድረቅ።

ሐ/ የደረቀ የወይራ ስንጥር አቀጣጥሎ ነበልባሉን ማጥፋት፤ ጭሱን ወደ ዕቃው አስገብቶ መክደን።

መ/ የቀረውን ከሰል በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ማውጣት።

የፕላስቲክ ጀሪካን አይታጠንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነም እጅ ገብቶ አያጥበውም። ማኅበራት አፈ ሰፊ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ለአባሎቻቸው ቢያቀርቡ ይሻላል። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ ግንዱን ሳይቆርጡ በደረቁ ቅርንጫፎቹ መጠቀም፣ በየጓሮውም መትከል ይገባል።

2. ቅቤን ማንጠር

በለጋ ቅቤ ውስጥ ከ6 እጅ አንዱ ያህል ውኃ ነው፤ ጀርም የሚኖረውም በዚህ ውኃ ውስጥ ነው። ቅቤው ሲነጠር እሳቱ ጀርሙን ይገድላል፣ ውኃውም ተንኖ ያልቃል። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት መዓዛ ከመስጠታቸውም በላይ፣ ቅመሞቹ ቅቤው በቶሎ እንዳይሻግት ያግዛሉ። ዋናው ሥራ ግን የማንጠሩ ነው። አረፋው እስኪጠፋና ቅቤው ጥርት እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያም አጥልሎ ፍጹም በደረቀ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በእርጥብ ማንኪያ መጨለፍ የተለፋበትን ሁሉ ያበላሻል።

ኮሰረት በቅርንጫፍ ቁራጭ የሚራባ የጓሮ ተክል ነው። ቅጠሉ ደርቆ ገበያ ስለሚወጣ ለቤተሰብ ተጨማሪ ገቢ ይሆናል።

3. ማስጠንቀቂያ

የወይራ ጭስ የሳንባ ነቀርሳንና ላሞችን የሚያስወርደውን የብሩሴሎሲስን ጀርም ከወተት ውስጥ አያጠፋም። ሁለቱም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ወተቱ ሲረጋ የሚፈጠረው ኮምጣጣነትም ብዙ ጀርሞችን ቢገታ፣ እነዚህን ለማጥፋት አይታመንም። ለመጠጥ የሚሆን ወተት፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች፣ እስኪንተከተክ መፍላት አለበት። «የታጠነ ነው» ተብሎ በጥሬው መጠጣት አይገባም። ላሟ ካስወረደች የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ የተጣለውን ጽንስም በባዶ እጅ አለመንካት ነው።

የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት ሲሰጡ ወተት የሚያልቡትንና ዕቃ የሚያጥኑትን እናቶች በቅድሚያ ሊያነጋግሩ ይገባል። ዕውቀቱ ቀድሞውንም በእጃቸው ያለ ነው። የእኛ ድርሻ፣ ከማጠኑ በፊት ማጠብን፣ ከመጠጣቱ በፊትም ማፍላትን አጥብቆ ማስገንዘብ ነው።