ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ራውተሩ ግን በገንዘብ ይገዛል

የአዲስ አበባን ዋጋ በኢንተርኔት ለሚከታተል የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ፣ የዋይፋይ ራውተር እንደ ሚዛኑ የሥራ ዕቃ ነው።

ራውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የፋብሪካ ሶፍትዌር ፈርምዌር ይባላል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ኦፕን ደብሊውአርቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሊተካ ይችላል። ኦፕን ደብሊውአርቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው፣ የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር የፕሮግራም ኮድ በ2003 ይፋ ከሆነ በኋላ ነው። አምራቹ ማደሱን ያቆመለትን ዕቃ ዕድሜ ያራዝማል።

የሙከራ እትም ግን ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል። በሚጫንበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ወይም ፋይሉ የሌላ ሞዴል ከሆነ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ሞዴሉን በትክክል ለይቶ፣ በትርፍ ራውተር ሞክሮ፣ ከገበያ ቀን ውጪ መጫን ይበጃል። ሥራ ላይ ለሚውለው ራውተር የተረጋጋው እትም ይሻላል።