እሾህን ጥፍሯ ያደረገች ወፍ

አዲስ አበባ ውስጥ አጥር ጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ መሬት መሬቱን የምትቃኝ ወፍ አለች፤ ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ፣ ጅራቷ ረዘም ያለ። ቀና ሲሉ ደግሞ ቄራውና ልኳንዳ ቤቶቹ አናት ላይ የሚያንዣብበው ባለ ቢጫ ምንቃር ጭልፊት ይታያል። ሁለቱም ሥጋ ይበላሉ፤ የሁለቱም ምንቃር ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ዘራቸው ግን ለየቅል ነው። ጭልፊቱ የንስር ወገን ሲሆን ሳይንስ ላኒየስ ሁመራሊስ የሚላት ይህች ወፍ ከእነ ድንቢጥ ጋር ከዘማሪዎቹ ትመደባለች።

ልዩነቱን ለማየት የፈለገ እግራቸውን ይመልከት። ጭልፊቱ ቁልቁል ተወርውሮ ሥጋ ሲመነትፍ ምንቃሩ ሥራ ፈት ነው፤ የሚይዘው በጥፍሩ ነው። ብዙ ጊዜም ለመብላት አያርፍም። እየበረረ እግሩን ወደ ፊት ይሰበስብና አንገቱን ደፋ አድርጎ ከጥፍሩ ላይ ይቦጭቃል።

ወፊቱ ይህን አትችልም። ክብደቷ 50 ግራም አይሞላም፤ እግሯም ቅርንጫፍ ለመያዝ እንጂ አድኖ ለመጨበጥ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ መግደያዋ ምንቃሯ ሆነ። የላይኛው ምንቃሯ ግራና ቀኙ ላይ ጥርስ መሰል ጉጥ አለው፤ በዚያ የእንሽላሊቱን ወይም የአይጧን ማጅራት ትነክሳለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምትኖር ዘመዷን በፊልም ቀርጸው ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንደጻፉት፣ የያዘቻትን አይጥ በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ታርገፈግፋለች።

ገድሎ መብላት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ያውቀዋል፤ ቢላው የቱንም ያህል ቢሳል ሥጋውን ወጥሮ የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። ወፊቱ ያንን እጅ ከግራር ተበደረች። ያደነችውን እሾህ ላይ ትሰካና እየጎተተች ትበልታለች። እሾህ ካጣች የአጥር ሽቦም ይበቃታል። ይህን አይተው ጨካኝ የሚሏት አሉ፤ ለእኔ ግን የጎደላትን የሞላች ብልህ ናት። ሙያው በልምምድ የሚጠራ ነው። ጫጩቶቹ ገና ሳይለምዱት ያገኙትን ቅጠልና እንጨት በምንቃራቸው ይዘው ቅርንጫፍ ላይ ሲጎትቱ ይታያሉ።

እሾሁ ጎተራም ነው። የአሜሪካዋ ዘመዷ መርዛማ ፌንጣ ስትይዝ ሰክታው ትሄዳለች፤ መርዙ ከረከሰ በኋላ፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይታ ተመልሳ ትበላዋለች። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ደግሞ ተመራማሪዎች ከሌላ ዘመዷ ወንዶች የአንዳንዶቹን ጎተራ ሞልተው የሌሎቹን አራቁተው አዩ። የሞላለት ቀድሞ ተጣመረ፤ የተራቆተበት ያለ እንስት ቀረ።